የሳይንስ ዕቃው ከስቶር ይውጣ፣ ቢሰበርም ይሰበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈችኝ አንዲት አምፖል ናት።

የእጅ ባትሪ አምፖል ናት፣ የጣት ጫፍ አታክልም። አንገቷ ላይ 2.5 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ። ከስቶር ሞዴል 22 የሚባለውን የዕቃ ማውጫ ቅጽ ፈርሜ ነው ያወጣኋት። ልጆቹ በአንድ የባትሪ ድንጋይ ሞከሯት፣ ፍም መሰለች። በሁለት ሞከሯት፣ ቦግ ብላ በራች። በሦስት ሲሞክሯት ነጭ ሆነችና ሁሉም "ውይ!" አሉ። አራተኛውን ድንጋይ የጨመረው ልጅ ማንንም አላስፈቀደም። ብልጭ አለችና ጠፋች።

ክፍሉ ዝም አለ። ልጁ ደንግጦ እኔን እኔን ያየኛል። "አምጣት እስቲ" አልኩትና ወደ መስኮቱ ይዘናት ሄድን። በብርሃኑ ስናያት ውስጧ ያለችው ከፀጉር የቀጠነች ክር መሀሏ ላይ ተበጥሳለች። አንዱ ድንጋይ ስንት ቮልት ነው? 1.5። አራቱ ተከታትለው ሲገጠሙስ? 6። እሷ ስንት ትችል ነበር? ይህን ማንም አልመለሰልኝም፣ መመለስም አላስፈለገም። አንዲት ልጅ ግን "ቲቸር፣ እኛ ቤት አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠለው መብራቱ ሲጨምር ነው ማለት ነው?" አለች። አዎ፣ አንዱ ምክንያት እሱ ነው አልኳት። ከዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቤታቸው ምን ምን እንደተቃጠለ ሁሉም ማውራት ጀመሩ፣ ደወሉ እስኪደወል።

በማግሥቱ ተጠራሁ። አምፖሏን እንድተካ፣ ለምን እንደተቃጠለችም በጽሑፍ እንዳስረዳ ተነገረኝ። ገዝቼ ተካሁ። ገንዘቧ ኢምንት ናት፣ እሷን ብዬ ብዕር አላነሳም ነበር። የቆረቆረኝ በዚያው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ ማይክሮስኮፕ ሊያወጣ ስቶር በር ድረስ ሄዶ "ተዪው፣ ኋላ ጣጣው ለእኔ ነው" ብሎ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየቴ ነው። ልጆቹ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ሊያዩ ነበር። እሱም ሴሉን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳያቸው፣ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።

የትምህርት ቤታችንን ስም አልጠራም፣ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት አይደለምና። 14 ዓመት አስተምሬአለሁ፣ ሦስት ትምህርት ቤት ሠርቻለሁ፣ በሦስቱም ያየሁት አንድ ነው። ዕቃው አለ። ካርቶኑ ላይ አቧራ ተኝቷል። የነካው ስለሌለ በቆጠራ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፣ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ሥራው የተሠራ ይመስላል። የንብረት ሠራተኛውን አልወቅስም። ዕቃ ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው፣ ልጅ ሳይማር ቢቀር ግን እሱን የሚጠይቀው የለም። እኔም እሱን ብሆን ቆልፌ ነው የምቀመጠው። ለዚህ ነው ደብዳቤዬን ለእሱ ሳይሆን መመሪያ ለሚያወጡት የጻፍኩት።

አንድ ነገር ልናገር፣ ከዚያ ወደ ጥያቄዬ እመጣለሁ።

ኅዳር ላይ ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት ስናስተምር ስቶሩን ትቼ ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። አንድ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው አለ፣ ከጀርባው የተበላሹ እስፒከሮች ተከምረዋል። "ለተማሪ ነው" ስለው ማግኔቶቹን እየነቀለ ሰጠኝ። ከተቃጠለ ዲናሞ ደግሞ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ቆርጦ ሰጠኝ። እኔ የገዛሁት የባትሪ ድንጋይና መርፌ ቁልፍ ብቻ ነው። ክፍሌ ውስጥ 63 ልጆች አሉ፣ በ12 ቡድን ከፋፈልኳቸው።

የምንሠራው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ አሠራሩም እንዲህ ነው። ሽቦውን ትልቁ ድንጋይ ላይ 12 ወይም 15 ጊዜ ትጠመጥሙታላችሁ፣ ከዚያ ታወጡታላችሁ፣ ቀለበት ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች ግራና ቀኝ ቀጥ አድርጋችሁ ታስወጣላችሁ። ሁለቱን መርፌ ቁልፎች በድንጋዩ ሁለት ጫፍ ላይ በላስቲክ ታስራላችሁ። የቀለበቱ ጫፎች በመርፌ ቁልፎቹ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ፣ ማግኔቱ ከሥር ይቀመጣል። በጣት ነካ ሲደረግ ቀለበቱ መዞር አለበት።

የአሥራ ሁለቱም ቡድን አልዞረም። አንዱም! እኔ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነበር ያሠራኋቸው። ደወሉ ተደወለ፣ አፍሬ ወጣሁ። ማታ ራዲዮ ጠጋኙ ጋ ተመልሼ ሄድኩና አሳየሁት። አንዴ አይቶ "ቫርኒሹን አልፋቃችሁትማ" አለኝ። ለካ የዲናሞ ሽቦ ራቁቱን አይደለም። መዳብ ቢመስልም ላዩ ላይ ስስ ልባስ አለው፣ ልባሱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ባይኖረው ኖሮ ሽቦው ሲጠቀለል እርስ በርሱ እየተነካካ ይቃጠል ነበር። ምላጭ አነሣና አንደኛውን ጫፍ ዙሪያውን ፋቀልኝ። ሁለተኛውን ጫፍ ግን ከላይ በኩል ግማሹን ብቻ ፋቀና አቆመ። "ይሄንንስ ለምን አትጨርሰውም?" ብለው "እሱን ለልጆቹ ስጪያቸውና ይድረሱበት" አለኝ። ይህ ሰው የመምህራን ኮሌጅ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፋቅንና ሞከርን። የመጀመሪያው ቡድን ቀለበት ሲዞር የነበረውን ጩኸት ምን ብዬ ልጻፈው፣ ከጎን ክፍል ያለው መምህር ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። መጥቶም አልተመለሰም፣ ቆሞ ያይ ጀመር። ሁለቱንም ጫፍ ሙሉ በሙሉ የፋቁ ቡድኖች ቀለበታቸው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል እንጂ አይዞርም። ግማሽ የፋቁት ጋ ይዞራል። ለምን? ልጆቹ ይህን በራሳቸው ለማውጣት ሙሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ፈጀባቸው። ማግኔቱ ቀለበቱን ግማሽ ዙር ወደ ፊት ይገፋዋል። ኤሌክትሪኩ ካልተቋረጠ በቀረው ግማሽ ዙር ያው ማግኔት መልሶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያልተፋቀው ጎን ሲመጣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ቀለበቱም በያዘው ፍጥነት ያልፍና እንደገና ይገፋል። በዥዋዥዌ ነው ያስረዱኝ። ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ሲመለስበትም ከገፋ ያቆመዋል፣ ሲሄድ ብቻ መግፋት አለበት አሉ። ይህ ምሳሌ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ የእነሱ ነው።

ከዚያ ጠብ ተነሣ። የአንዱ ቡድን ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የሌላው ወደ ግራ። "የእናንተ ተሳስቷል" ተባባሉ። አንዱ ቡድን ድንጋዩን ገልብጦ ገጠመ፣ አዟዟሩ ተቀየረ። ሌላው ቡድን ድንጋዩን ሳይነካ ማግኔቱን ገለበጠ፣ እሱም ተቀየረ። ሦስተኛው ቡድን ሁለቱንም ገለበጠና ምንም አልተቀየረም፣ እንደነበረው ዞረ። እነዚህ ልጆች ሳላስተምራቸው በመዳፋቸው የደረሱበትን ነገር እኔ በዘጠነኛ ክፍል የግራ እጅ ሕግ እየተባለ እጄን አጣምሜ ጣቶቼን እየቆጠርኩ በቃል ነበር ያጠናሁት፣ እስከ ዛሬም ሳስበው ጣቴን አያለሁ።

አንደኛዋ ልጅ አባቷ ወፍጮ ቤት ይሠራል። "የወፍጮውም ዲናሞ እንዲህ ነው?" አለች። ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ስምንት ሆነን ሄድን። አባቷ ዱቄቱን እያራገፈ ወጣና ወፍጮው ቆሞ ሳለ ሽቦዎቹን ከሩቅ አሳየን። ሦስት ሽቦ ነው የሚገባው፣ ከሦስቱ ሁለቱን ካቀያየርናቸው ዲናሞው ወደ ኋላ ይዞራል አለን። ልጆቹ ተያዩ። ገልብጦ መግጠም ምን እንደሚያደርግ አውቀዋላ። አባትየው ለልጁ የክፍል ጓደኞች ስለ ሥራው ሲያስረዳ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት የዚህ ሁሉ ወጪ አሥራ ሁለት ድንጋይና ሃያ አራት መርፌ ቁልፍ መሆኑን እንድታዩልኝ ነው። በውጭው ዓለም እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ ትምህርት "ሜከር" ይሉታል፣ ብዙ ትምህርት ቤት የራሱ ክፍል አለው፣ ማተሚያው፣ ሮቦቱ፣ ኮምፒውተሩ። አርዱዪኖ የሚባለው ትንሽዬ ሰሌዳ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ የተፈጠረው ተማሪዎች ሳይቸገሩ መብራትና ሞተር ማዘዝ እንዲችሉ ተብሎ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ልጆቼ ቢያገኙት ደስታዬ ነው። ግን አንድ ጊዜ በዕርዳታ የመጣ የሮቦት ካርቶን አይቻለሁ። ርክክቡ ላይ ፎቶ ተነሣን፣ ተጨበጨበ፣ ከዚያ ካርቶኑ ሳይከፈት ስቶር ገባ። ውድ ስለሆነ ማንም ኃላፊነቱን አልወሰደም። ቁልፉ ሳይለወጥ ዕቃው ቢለወጥ ትርፉ ምንድን ነው?

ደግሞ ልጆቻችን መሥራት አዲስ አይሆንባቸውም። ሰፈር ውስጥ እዩዋቸው። በሽቦና በጠርሙስ ክዳን መሪ ያላት መኪና ይሠራሉ። በአሮጌ ኩሽኔታ ሦስት ጎማ ያለው ጋሪ ሠርተው ከአዘዞ መንገድ ቁልቁለት ይለቁታል (እናቶች ልባችን እየራደ)። ቡሄ ሲመጣ ጅራፋቸውን ራሳቸው ይገምዳሉ፣ ሥሩን ወፍራም ጫፉን ቀጭን አድርገው፣ ለምን እንዲህ እንደሚሠራም ያውቁታል፣ ካልቀጠነ አይጮህም። የማያውቁት ጅራፉ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ስለሚወነጨፍ መሆኑን ነው። ይህን ማን ይንገራቸው? እኛ ነን። ግን ጅራፍ ይዞ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ በር ላይ ይቀማል።

መጽሐፉም ቢሆን ሲሞከር ሌላ ነገር ይናገራል። "ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል" ይላል። ልጆቹ ሸምድደውታል። ከሰል አቀጣጥለን፣ ድስት ጥደን፣ ቴርሞሜትሩን አስገባን። 93 አካባቢ ደረሰና ቆመ። ውኃው እየተንተከተከ ነው፣ ከሰሉን ጨመርን፣ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አላለም። "ተበላሽቷል" አሉ። ሌላ አመጣን፣ ያው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውኃውን ወደ ታች የሚጫነው ኃይል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ይፈላል። 100 የሚለው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። አንድ ልጅ አያቱ ደባርቅ እንደሚኖሩ፣ እዚያ ባቄላ ቶሎ አልበስል እንደሚል ነገረን። ደባርቅ ከእኛም በላይ ከፍ ያለች ናት፣ ውኃው ቢፈላም ሙቀቱ ከእኛ ያንሳል፣ ባቄላው ይዘገያል። ክፍሉ ውስጥ ያን ቀን የነበረ ልጅ የሚረሳው አይመስለኝም።

ወላጆች ሁለት ነገር ይሉኛል። አንደኛው "ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?" ነው። አዎ ይመጣል፣ ኤሌክትሪኩም ማግኔቱም ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ትምህርት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ እኛ እዚህ ያለን እናውቀዋለን፣ ሁሉንም በአንድ ሽቦ እፈታለሁ አልልም። ግን ሰሌዳ ማስገልበጡን ለብዙ ዓመት ሞክረነዋል። እሱ ልጆቹን ለፈተና አብቅቷቸው ቢሆን ኖሮ ውጤቱን እናየው ነበር።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ አለ፣ በሸክላ የታወቀ፣ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር የነበረ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ትምህርት ቤት ጋብዤ ነበር። ጭቃው ላይ የተፈጨ ገል ጨምረው ሲያቦኩ ልጆቹ ለምን አሏቸው። "ካልጨመርሽበት እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሳይደርቅ እሳት ከገባም ይፈነዳል" አሉ። ውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ነው የሚያፈነዳው። እኔ "የቁስ ሦስት ሁነቶች" ብዬ ሁለት ሳምንት የማስተምረው ነገር ነው። በማግሥቱ አንዲት ወላጅ መጥተው "ልጄን የላክሁት ሸክላ እንድትሠራ ነው?" አሉኝ። ተቆጥተው ነበር፣ ከልባቸው ነው፣ ልጃቸው እንድትናቅ አይፈልጉም። እሳቸውን አልጠላሁም። ግን ያሳደገን ንግግር ነው ያናገራቸው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀንም። "ጠይብ" ብለን ስድብ ያደረግነው ቃል ጠቢብ ማለት እኮ ነው! ጥበብ ያለው ሰው። ልጅ እጁን ጭቃ ውስጥ ሲከት ዝቅ ያለ የሚመስለው ወላጅ ካለ፣ እባክዎ አንድ ቀን መጥተው ከኋላ ዴስክ ላይ ይቀመጡ። በሩ ክፍት ነው።

ፋሲል ግቢንም ላንሣ። በየዓመቱ ልጆቹን እንወስዳቸዋለን። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ እንደቆረቆሩ፣ ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ እንደተመዘገበ ይነገራቸዋል፣ ጽፈው ይወጣሉ። በቅስቱ በር ሥር ሲያልፉ ግን ቀና ብሎ "ይሄ ድንጋይ ለምን አይወድቅም?" የሚል የለም። እኛም አንጠይቃቸውም። ዘንድሮ ጠየቅኋቸው። ከቀሃ ወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተን በሰርዲን ቆርቆሮ ትንንሽ ጡብ አወጣን። ባልዲ አስተኝተን በላዩ ላይ ጡቦቹን ደረደርን፣ መሀለኛዋን መጨረሻ ላይ ጠቀጠቅናት። ባልዲውን ቀስ ብለን ስንስበው ቅስቱ አንድ አፍታ ቆመና እግሮቹ ወደ ጎን ተንሸራተው ዘጭ አለ። ሁለተኛ ስንሠራው ከግራና ከቀኝ ትልልቅ ድንጋይ አስደገፍንለት። ቆመ። አንዱ ልጅ መጀመሪያ በጣቱ፣ ከዚያ በመዳፉ ተጫነው፣ ቆመ። ቅስት ክብደቱን ወደ ታች ብቻ አይልከውም፣ ወደ ጎንም ይገፋል፣ ለዚህ ነው የግንቡ ግድግዳ ያን ያህል የወፈረው። ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ ልጆች በራሳቸው ጊዜ ግቢው ድረስ ሄደው የግድግዳውን ውፍረት በክንዳቸው ለክተው መጡ።

አደጋውንም አውቃለሁ፣ እናትም ነኝ። ከግድግዳ ሶኬት ምንም አንነካም፣ 220 ቮልት ከልጅ ጋር አይጫወትም። ከድንጋይ ባትሪ ውጪ አንጠቀምም፣ የመኪና ባትሪ አሲድ አለው፣ የስልክ ባትሪ ከተወጋ ይቀጣጠላል። ምላጩን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ልጆቹ የሚፍቁት በአሸዋ ወረቀት ነው። ይህን የመሰለ ሕግ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፣ ቁልፍ ከመቆለፍ ይቀላል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ትምህርት ቢሮውና ጽሕፈት ቤቶቹ ለሳይንስ ዕቃ የተለየ የንብረት መመሪያ ያውጡልን። አምፖል፣ ሽቦ፣ ቱቦ፣ ብርጭቆ በትምህርት ላይ ይሰበራል፣ ይቃጠላል፣ ያልቃል። ጠመኔ ሲያልቅ ማንም ተኪ አይለኝም። አምፖሉም እንደ ጠመኔ ይታይ፣ በክፍል ውስጥ የተሰበረ ዕቃ ቀኑና ምክንያቱ ተመዝግቦ መምህሩም ንብረት ሠራተኛውም በነፃ ይሰናበቱ። ክፍለ ጊዜው ደግሞ 40 ደቂቃ ነው፣ ዕቃ አውጥቶ፣ 63 ልጅ አደራጅቶ፣ ሠርቶ፣ ጠርጎ መመለስ በ40 ደቂቃ አይሆንም። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ አጣምሩልን፣ ሌላ ወጪ የለውም፣ የፕሮግራም ጉዳይ ብቻ ነው። ልጁ የሠራው ነገርም በተከታታይ ምዘና ላይ ነጥብ ይኑረው፣ ያልሠራለትም ጭምር፣ ለምን እንዳልሠራለት ማስረዳት ከቻለ። የማይሰጥ ነጥብ ወላጅም ተማሪም አያከብረውም።

የፔዳጎጂካል ማዕከላችን ውስጥ በማዳበሪያ ላይ በቀለም የተሣለ ልብ አለ፣ ቆንጆ ነው፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው የተሣለው። ሱፐርቪዥን ሲመጣ እሱን እናሳያለን። ከሱፐርቪዥን ለሚመጡት አንድ ልመና አለኝ። የተሰቀለውን ብቻ አትቁጠሩ፣ ልጆቹን "በዚህ ዓመት ምን ሠራችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁም ቅርባችን ናቸው። የምታስወግዱት የተበላሸ ኮምፒውተር፣ ማራገቢያ፣ እስፒከር ካለ ከመጣሉ በፊት አሳዩን። ዕጩ መምህራን ለልምምድ ሲላኩልን ሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳይቆሙ፣ አንድ ዕቃ ከልጆች ጋር ሠርተው እንዲወጡ አድርጉ። እኔ 14 ዓመት ሙሉ ቫርኒሽ መኖሩን ሳላውቅ ሞተር አስተምሬአለሁ፣ እነሱ እንዲህ አይሁኑ።

አሁን የመጨረሻው፣ ይሄ ለመምህራን ነው።

ምንም ዕቃ የለኝም ለምትሉ፣ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ ትከሉ። ጎንደር ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ጥላው 70 ሴንቲ ሜትር አልፎ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ አጋማሽ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ወደ ደቡብ ይዞራል፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በመሀል ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 15 አካባቢና ልክ በቡሄ ሰሞን፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ እንጨቱ ጥላ አልባ ይሆናል። በቡሄ ደመናው አያሳይም፣ ትምህርትም የለም። የሚያዝያውን ግን እናገኘዋለን። ሰዓቱ ስድስት አይደለም፣ ስድስት ተኩል ገደማ ነው፣ ሰዓታችን የሚቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ።

በዚያን ቀን አዲስ አበባ ላይ የተተከለ አንድ ሜትር እንጨት ጥላ ይኖረዋል፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ። እንጨቱንና ጥላውን ወረቀት ላይ ሥለን፣ የፀሐይ ጨረር ከእንጨቱ ጫፍ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ስንለካው 3.6 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና መንገዱ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሰሜን ሲለካ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ላይ ጥላ ሳይኖር አዲስ አበባ ላይ የሚኖረው ምድር ክብ ስለሆነች ነው፣ ማዕዘኑም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የክቡ ቁራጭ ነው። ክብ 360 ዲግሪ ነው፣ 3.6 ውስጡ መቶ ጊዜ ይገባል። 400 በመቶ ሲባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር፣ የምድር ዙሪያ! ኤራቶስቴንስ የሚባል ሰው ከ2200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ አስዋንና እስክንድርያን ይዞ እንዲሁ ነበር ያሰላው።

እኛ እንጨታችንን ተክለናል። አዲስ አበባ ያላችሁ የሳይንስ ወይም የሒሳብ መምህራን፣ ሚያዝያ 15 ወይም በአንድ ሁለት ቀን ወዲያና ወዲህ፣ በእኩለ ቀን ጥላው ከሁሉ በሚያጥርበት ደቂቃ ልጆቻችሁን ሜዳ አውጥታችሁ ለክታችሁ ልካችሁን ብትልኩልን፣ የእኛ ልጆች ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፣ ደውላችሁ ጠይቋቸው።

አክባሪያችሁ፣
የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት፣ ከጎንደር